ታድሶ የቀረበ አሮጌ መኪና፤ እውነተኛነቱ እንዴት ይመረመራል?

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በሰቆጣ አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ታድሶ ለሽያጭ ቀረበ እንበል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል፤ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ሻጩ «እ.ኤ.አ. በ1968 ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ኦሪጅናል ነው» ይለናል። ገዢው የዋጋውን ልዩነት የሚከፍለው ለሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ኦሪጅናል ለምትለው ለዚህች አንዲት ቃል ነው። ታዲያ ቃሏን ማመን የሚገባን መቼ ነው? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርታችን ምን መልስ እንደሚሰጥ ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ጥያቄው የከረረበት አገር

የታደሰ መኪና እውነተኛነት ጉዳይ እጅግ የከረረው በአሜሪካ፣ ግዙፍ ሞተር በመካከለኛ አካል ላይ በተገጠመላቸው የ1960ዎቹ ፈጣን መኪናዎች ዙሪያ ነው። የዚህ ዘመን ፈር ቀዳጅ ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1964 የቀረበው ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ሲሆን፣ በውስጡ የተገጠመው ሞተር 6.4 ሊትር ገደማ ይዘት ነበረው። ይሁን እንጂ ጂ.ቲ.ኦ. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ራሱን የቻለ ሞዴል አልነበረም፤ ለማን በሚባለው ሞዴል ላይ ገዢው በተጨማሪ ክፍያ የሚያዝዘው አማራጭ ነበር። በዚህም ምክንያት የ1964 ጂ.ቲ.ኦ. መለያ ቁጥር ከማንኛውም ለማን የተለየ መነሻ የለውም፤ የ1965ቱም እንደ ማንኛውም ለማን በ237 ይጀምራል። ከ1966 ጀምሮ ግን ጂ.ቲ.ኦ. የራሱ የሆነውን 242 የሚል መነሻ አገኘ።

የዚህ ልዩነት ውጤት ቀላል አይደለም። የ1966 መኪና ቁጥሩ ራሱ ማንነቱን ይናገራል። የ1964ቱ ግን ተራ ለማን ተገዝቶ፣ ትልቁ ሞተርና የጂ.ቲ.ኦ. ምልክቶች ተገጥመውለት ቢቀርብ፣ ቁጥሩ ሐሰቱን አያጋልጥም። እንዲህ ያለውን መኪና የሚያረጋግጠው ፋብሪካው ለሻጭ ድርጅት የላከበት የሽያጭ ሰነድ ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት እናገኛለን፤ ይኸውም አንድ ማስረጃ ምን ሊናገር እንደሚችል ብቻ ሳይሆን ምን ሊናገር እንደማይችልም አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር፦ ቁጥር

ወደ ሰቆጣው ቮልስ እንመለስ። የኋላውን ወንበር ብናነሣ በወለሉ መካከል በሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ታትሞ እናገኘዋለን። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ እስከ 1969 ድረስ ይህ ቁጥር 9 አኃዞች ነበሩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች፣ ማለትም 11፣ ዓይነቱን ያመለክታሉ፤ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ይሰጣል። ስለዚህ በ118 የሚጀምር ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው። የሞዴሉ ዓመት የሚጀምረው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ በመሆኑ፣ የ1968 ሞዴል የሆነ መኪና በ1967 መጨረሻ ተሠርቶ ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም። በሞተሩ ላይ ደግሞ በዲናሞው መቀመጫ ሥር ሌላ ቁጥር አለ። ሁለቱ ቁጥሮች በሊብሬው ላይ ከተጻፉት ጋር ይመሳከራሉ።

የሞተር ቤት በሚቀለጥበት ጊዜ የሚታተም ቀንም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። ለምሳሌ በ1960ዎቹ የሼቭሮሌ ሞተሮች ላይ አንድ ፊደል ወሩን፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ቀኑን፣ የመጨረሻው አኃዝ ዓመቱን ያሳያል። እዚህ ላይ የሚሠራው አመክንዮ እጅግ ቀላል ነው። መኪናው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ የቀለጠ ሞተር የዚያ መኪና የመጀመሪያ ሞተር ሊሆን አይችልም። ቀድሞ የቀለጠ ሞተር ግን ሊሆን ይችላል እንጂ ነው ማለት አይደለም።

አጭበርባሪ ቁጥሩን ፍቆ ሌላ ቢያትምበትስ? ብረት ከጥቃቅን ክሪስታሎች የተሠራ ነው። የቁጥር ማተሚያው በኃይል ሲያርፍበት የሚጨፈለቁት በዓይን የሚታየው ስርጉድ ክሪስታሎች ብቻ አይደሉም፤ ከበታቹ ያሉትም ቅርጻቸው ተዛብቶ በውስጣቸው የታመቀ ጉልበት ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ስርጉዱ በሞረድ ቢጠፋም የተዛባው ክፍል ከሥሩ ይቀራል። የወንጀል ምርመራ ባለሙያዎች ገጹን አለስልሰው መዳብ ክሎራይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ውሁድ ሲቀቡት፣ የተዛባው ክፍል ካልተዛባው በተለየ ፍጥነት ስለሚበላ የጠፋው ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ብቅ ይላል። ፍቀቱ ከተዛባው ክፍል በታች ድረስ ጠልቆ ከሆነ ግን ምልክቱ ለዘለዓለም ጠፍቷል። የቮልስ ሞተር ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑና ማግኒዚየም ከአሲድ ጋር በኃይል ስለሚዋሐድ፣ ለብረት የሚውለው ውሁድ ለእርሱ አይሆንም። ይህን ዓይነቱን ምርመራ ለባለሙያ መተው እንደሚገባ ሳናሳስብ አናልፍም።

ሁለተኛው ምስክር፦ ቀለምና ላሜራ

ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለን በመኪናው አካል ላይ ብናንሸራትት፣ ላሜራው ጤናማ በሆነበት ቦታ ሁሉ ይሳባል። ስቱኮ በወፍራሙ በተለጠፈበት ቦታ ግን መሳቡ ይደክማል፤ ምክንያቱም ስቱኮው ማግኔቱን ከብረቱ ያርቀዋል። የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ በዚሁ መርሕ የተሠራ ሲሆን ውጤቱን በቁጥር ይሰጣል። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ገደማ ይደርሳል። ስቱኮ ያለበት ቦታ ግን ከ1,000 ማይክሮሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ከማይታይ ጥግ የተወሰደች የቀለም ስባሪ ተቆርጣ በማይክሮስኮፕ ስትታይ እንደ ደለል ድርብርብ ሆና ትገኛለች። ከታች ያለው ቀድሞ፣ ከላይ ያለው በኋላ የተቀባ ነው። በዚህም የመኪናውን የቀለም ታሪክ በቅደም ተከተል ማንበብ ይቻላል። የኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ ምርመራ ደግሞ የቀለሙን ማጣበቂያ ዓይነት ይለያል። በ1960ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ አክሪሊክ ላከር ይጠቀም ነበር፤ በሌሎች ፋብሪካዎች በምድጃ የሚደርቅ ሠው ሠራሽ ኢናሜል ይቀባ ነበር። ከቀለሙ በላይ የሚደረበው ጥርት ያለ መስተዋት መሰል ንብርብር በስፋት የተለመደው በ1980ዎቹ በመሆኑ፣ ባለ አንድ ወጥ ቀለም የሆነው የ1968 ቮልስ ይህን ንብርብር ለብሶ ከቀረበ እንደገና መቀባቱ አያጠያይቅም።

ሦስተኛው ምስክር፦ ደጋው

እስካሁን የተመለከትነው የፋብሪካውን አሻራ ነው። መኪና ግን የኖረበትን አገርም አሻራ ይይዛል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ የአየሩ እፍጋት ደግሞ አራት አምስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት የተባለለት የቮልስ 1200 ሞተር በሰቆጣ ከ26 እስከ 27 የፈረስ ጉልበት ቢሰጥ ነው።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። በካርቡራቶር ውስጥ የሚያልፈው አየር ክብደት በቀጥታ ከእፍጋቱ ጋር ሲቀንስ፣ የሚሳበው ነዳጅ የሚቀንሰው በእፍጋቱ ካሬ ሥር መጠን ብቻ ነው። አራት አምስተኛን ወስደን ስናሰላ ውሁዱ በ12 በመቶ ገደማ ነዳጅ የበዛበት ይሆናል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ይህን የተረዳ የደጋ መካኒክ የነዳጅ ማሳለፊያዋን ቀዳዳ በጠበበች ይለውጣታል። እንግዲህ እንጠይቅ። ቀዳዳዋ በፋብሪካ መጠን የሆነ መኪናና ለደጋው የተስተካከለችለት መኪና ሲነጻጸሩ፣ ይበልጥ እውነተኛው የትኛው ነው? የመጀመሪያው ለፋብሪካው ታማኝ ነው፤ ሁለተኛው ለኖረበት ሕይወት።

የአየሩ ጠባይም ይመሰክራል። ብረት እንዲዝግ ውኃና ኦክስጅን ያስፈልጉታል፤ ጨው ሲጨመር ዝገቱ ይፋጠናል። እንደ ዋግ ባለው ደረቅ ደጋ ላሜራ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ዕድሜ ያገኛል። በአንጻሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ የሚጨምረው አልትራቫዮሌት ጨረር ቀለሙን ያፈዝዛል፤ ጎማውንም ይሰነጥቃል። «ዕድሜውን ሁሉ በደጋ የኖረ» የተባለ መኪና ከመገጣጠሚያው የተፋቀው ዝገት በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ተጣርቶና ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮበት፣ በብር ናይትሬት ጠብታ ወፍራም ነጭ ዝቃጭ ቢሰጥ ክሎራይድ አለበት ማለት ነው። ያን ጊዜ የባሕር ዳርቻ ወይም ጨው የሚረጭበት የአውሮፓ ክረምት ታሪክ እንዳለው እንጠረጥራለን።

ኦሪጅናል ማለት ምን ማለት ነው?

ከላይ የተዘረዘሩትን ስናጤን «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አዝሎ እንደሚሄድ እንረዳለን። አንደኛው የማንነት ጥያቄ ነው፤ ይህ መኪና ያ መኪና ነውን? ሁለተኛው የቁስ ጥያቄ ነው፤ ከመጀመሪያው ላሜራ፣ ቀለምና ሞተር ምን ያህሉ ቀርቷል? ሦስተኛው የቃል ጥያቄ ነው፤ የተለወጠው ሁሉ ሳይደበቅ ተነግሯልን? አንድ መኪና ሁለተኛውን ፈተና ወድቆ ሦስተኛውን ሊያልፍ ይችላል፤ እኛም እንዲህ ያለውን መኪና ሐሰተኛ አንለውም።

ለዚህ ሐሳብ ከሰቆጣ ብዙ መራቅ አያሻንም። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። የተገነባ ቤት ድንጋዩ ቢወድቅ ሌላ ይተካበታል፤ ከአለት የተፈለፈለ ግን የተቦጨቀው ወደ ቦታው አይመለስም። በግድግዳው ላይ የሚቀረው የመሮ ምልክት የሠራተኞቹ ብቸኛ ፊርማ ነው። ግድግዳውን አለስልሶ «ማሳመር» ያንን ፊርማ መፋቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ስለ ቅርሶች ያስቀመጠው መርሕም ከዚህ ጋር ይስማማል። የተተካው ክፍል ከመላው ጋር መዋሐድ አለበት፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ተለይቶ መታወቅ ይገባዋል፤ ግምት በሚጀምርበትም እድሳት መቆም አለበት። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር ይህን አስተሳሰብ ወደ መኪናዎች አምጥቶታል።

በ1968 በወጣው «ቡሊት» በተሰኘው ፊልም የተነዳው ፎርድ ሙስታንግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ መኪና በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በጨረታ ከ3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲሸጥ ቀለሙ የፈዘዘ፣ አካሉ የተጫጫረ ነበር። ማንነቱን ካረጋገጡት ነገሮች መካከል ከመለያ ቁጥሩ ሌላ ለካሜራ መያዣ ተብሎ ከሥሩ የተበየደው ብረት ይገኝበታል። አንድ ትጉ ጋራዥ «እንደ አዲስ» አድርጎ አድሶት ቢሆን ኖሮ ያንን ብየዳ ፍቆ በጣለው ነበር።

ከመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ምን እንማራለን?

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑን የራሳችን ታሪክ ያሳየናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን እንደነበር ይታወቃል። ነገ አንድ ሰው አምሮ የታደሰ ቮልስ ይዞ «ያቺ መኪና ይህች ናት» ቢለን ምን እናደርጋለን?

የሻንሲ ቁጥሩ መኪናው ከዚያ ቀን በኋላ መሠራቱን ካሳየ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያበቃል። ቀድሞ መሠራቱን ካሳየ ግን ገና መጀመራችን ነው። ቮልስዋገን ይህን ሞዴል ማምረት በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ እስካቆመበት ጊዜ ድረስ 21,529,464 መኪናዎችን ሠርቷልና፣ «ዘመኑ ይስማማል» ማለት ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ማስረጃ አይደለም። ማግኔቱም፣ ማይክሮስኮፑም፣ አሲዱም ሐሰትን ለመጣል እንጂ እውነትን ብቻቸውን ለማቆም አይበቁም። የሚያቆመው ከያኔ እስከ ዛሬ ሳይበጠስ የሚዘልቅ የሰነድ ሰንሰለት ነው፤ የዘመኑ ሊብሬ፣ የንብረት መዝገብ፣ ፎቶግራፍ። ሰንሰለቱ ቢገኝ እንኳ ከፎቶግራፉ ጋር የሚነጻጸረው ጭረትና ስርጉድ በስቱኮና በአዲስ ቀለም ተሸፍኖ ከሆነ፣ ቁሱ ራሱ ምስክርነቱን ተነጥቋል።

ስለዚህ ለማደስ የተነሣ ሰው ከመፍታቱ በፊት ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ያወጣውን አሮጌ ክፍል አይጣል፤ የተካውን በቀን በቀኑ ይመዝግብ፤ ከአንድ ጥግም የድሮውን ቀለም ሳይነካ ይተው። ይህን ያደረገ ሰው መኪናው ግማሹ አዲስ ቢሆን እንኳ እውነተኛ መኪና ለትውልድ ያስተላልፋል። ወደ ሰቆጣው ሻጭ ስንመለስም «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ብለን መጠየቃችን አይበቃም። «ምኑ ተለወጠ? መቼ? አሮጌውስ የት አለ?» ብለን እንጠይቀው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ሳያመነታ መልስ የሚሰጥ ሻጭ ካገኘን፣ ማግኔታችንን ከኪሳችን የምናወጣው የነገረንን ለማመሳከር ይሆናል።