ወንዙ ሐይቅ ከሆነ ወዲህ
በጊቤ 3 ውሃ ላይ በጀልባ ስለሚሻገሩ ቤተሰቦች

ከሆሳዕና ተነስቶ በጎምቦራ ወረዳ በኩል ሀቢቾን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ እንሰቱና የደጋው አየር ቀስ በቀስ ሲርቀው፣ መሬቱም ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲያዘቀዝቅ ይመለከታል። ከወንዙ ማዶ የየም አገር ነው። በዚህ በኩል ያለው የሐዲያ ሕዝብና በዚያ በኩል ያለው ሕዝብ በገበያም በጋብቻም የተሳሰሩ ናቸው። በበጋ ውሃው በሚሳሳበት መልካ ሰውም ከብትም ይሻገር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ወንዙ እስኪጎድል በየቤቱ ይጠብቃል። ይህ ለትውልዶች የታወቀ ልማድ ነበር።

ከጎምቦራ በታች፣ በሶሮ ወረዳ በኩል፣ ይህ ልማድ ተለውጧል። የጊቤ 3 ግድብ ግንባታ በ1998 ዓ.ም ተጀምሮ፣ በ2007 ዓ.ም ውሃ መያዝ ከጀመረና በታህሣሥ 2009 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ወንዙ ወንዝነቱን ትቶ ሐይቅ ሆኗል። ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን 1870 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው። ከኋላው የተኛው ውሃ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሲሞላም 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። አገራችን ከዚህ ግድብ ያገኘችው መብራት ትልቅ ጸጋ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁንና መልካው ጠፍቷል። ትናንት ዘመድ ለመጠየቅ ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገር የነበረ ሰው ዛሬ ወይ ድልድይ ፍለጋ በመኪና ረጅም መንገድ ይዞራል፣ ወይ ጀልባ ይሳፈራል። ለቅሶ ለመድረስ፣ ሕመምተኛ ለማድረስ፣ ፍየል ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችን ሐይቅ ሲባል የሚታየን ሐዋሳ ወይም ጣና ነው። ይህ ውሃ ግን እንደነዚያ አይደለም። ጠባብና ጥልቅ ገደል ውስጥ የተኛ በመሆኑ ዳርቻው በብዙ ቦታ ቀጥ ያለ ነው። ጀልባ ችግር ቢገጥማት ወደ ቀረበው ዳር ሄዳ ልትጠጋ ትችል ይሆናል፤ ሰው ግን የሚወጣበት ላያገኝ ይችላል። ነፋሱም በሸለቆው ተጠልፎ በርዝመቱ ስለሚነፍስ ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ውሃ ከቀትር በኋላ ሊናወጥ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ባለበት የማይረጋ መሆኑ ነው። የተፈጥሮ ሐይቅ በዓመት ውስጥ ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል። የኃይል ማመንጫ ሐይቅ ግን ክረምት ያጠራቀመውን በጋ ላይ ለተርባይን ይሰጣል። በጊቤ 3 ዲዛይን መሠረት ሐይቁ ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 892 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ ለሥራ የሚፈቀደው ዝቅተኛው ልክ ደግሞ 800 ሜትር ነው። በየዓመቱ ያን ያህል ይወርዳል ማለት አይደለም። ሆኖም ጥቅምት ላይ ጀልባ የሚታሰርበት ቦታ ሚያዝያ ላይ ከውሃው ርቆ በጭቃ ተዳፋት ላይ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። አንድ ጊዜ የተሠራ መሳፈሪያ ዓመቱን ሙሉ አያገለግልም ማለት ነው። አረጋውያንና ነፍሰ ጡር እናቶች በዚያ ጭቃ ላይ ሲወርዱ የሚደርስባቸው ድካም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

በውሃው ሥር ደግሞ ዛፍ አለ። ሸለቆው ሲሞላ የቆላው ግራር በቆመበት ሰጥሟል። ውሃው ሙሉ ሳለ ጀልባ ከላዩ ታልፋለች፤ ሲጎድል ግን የዛፉ ጫፍ ከውሃው በታች አንድ ክንድ ያህል ላይ ይሆንና ለዓይን ሳይታይ ይጠብቃል። የጋና ሰዎች ይህን በከባድ ዋጋ ተምረውታል። የአኮሶምቦ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1965 ከተሠራ በኋላ የተፈጠረው የቮልታ ሐይቅ ዛፎቹ ሳይመነጠሩ የሞላ በመሆኑ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ጉቶ እየመታቸው የሚገለበጡ ጀልባዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው ሐይቅ ላይ ከልክ በላይ ሰው የጫነች ጀልባ ሰጥማ ብዙ ነፍስ ጠፍቷል። በእኛ አገር የታላቁ ህዳሴ ግድብ ውሃ ከመያዙ በፊት ደን የመመንጠር ሥራ መከናወኑ መልካም ነገር ነበር።

ጉማሬና አዞ በኦሞ ጊቤ ከድሮም የነበሩ ናቸውና ብዙ አንልም። የአገሬው ሰው ያውቃቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። «አጀሉ የደረሰ በአልጋውም ላይ ይሞታል» ይባላል። እውነት ነው፤ ቀደርን ማመን የኢማን ምሰሶ ነው። ነገር ግን ይህ አባባል ከጀልባ ነጂ አፍ ሲወጣ፣ በተለይ ለአሥር ሰው የተሠራች ጀልባ ላይ ሃያኛውን ሰው ሲጭን፣ እኛ አንቀበለውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት የፈለገውን ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት ማዘዛቸው በቲርሚዚ የተዘገበ ነው። ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ከለላ በሌለው ጣራ ላይ የሚተኛና ባሕሩ በተናወጠ ጊዜ የሚሳፈር ሰው አንድ ላይ ተጠቅሰዋል፤ ሁለቱም ጥበቃ የተነሳባቸው ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ? ኑሕም (ዐ.ሰ) በአላህ ስም ተሳፈሩ ከማለታቸው በፊት መርከቧን በሳንቃና በሚስማር ሠርተዋል።

ዑመርም (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሙዓዊያ በባሕር እንዲዘምት ፈቃድ ሲጠይቃቸው ለሙስሊሞች ነፍስ በመስጋት መከልከላቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ዑሥማን (ረ.ዐ) ኋላ ላይ የፈቀዱት ማንም ተገድዶ እንዳይሳፈር በማለት ነው። መሪ የሚጠየቅበት ጉዳይ መሆኑን ቀደምቶቻችን ያውቁ ነበር።

በቡኻሪ የተዘገበው የመርከብ ምሳሌም ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ያህል ነው። በታችኛው ፎቅ ያሉት ሰዎች ውሃ ለመቅዳት ብለው የየራሳቸውን ቦታ ሊበሱ ሲነሱ፣ ከላይ ያሉት ዝም ካሉ ሁሉም ይጠፋሉ፤ እጃቸውን ከያዙ ሁሉም ይድናሉ። ጀልባዋ ሞልታ ሳለ ነጂው «አንድ ሰው ብቻ» ሲል ተሳፋሪው ዝም ማለት የለበትም። ሴቶችም ቢሆኑ፣ በእርግጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚያስተውሉት እነርሱ ናቸው፣ መናገር መብታቸውም ግዴታቸውም ነው።

በተግባር ምን ይደረግ? ላይፍ ጃኬት ከተገኘ ለሕጻናት ቅድሚያ ይሰጥ፤ ከወንበር ሥር ተቀምጦ ሳይሆን ተለብሶ ነው የሚጠቅመው። በሌለበት ቦታ በየቤቱ የሚገኘው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ባዶ ሆኖ ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል። ይህም አንድ አዋቂ ሰው አቅፎት ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማቆየት ይበቃዋል። የላይፍ ጃኬትን ቦታ ይተካል ማለታችን ግን አይደለም። እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ አትሳፈር፤ ጀልባዋ ብትገለበጥ ቀድሞ ውሃ ውስጥ የሚገባው እሱ ነውና ከፊቷ ትቀፈው። ረጅም ልብስ ከእግር ሥር ይሰብሰብ። ጉዞ በጠዋት ይሁን። በሌሊት ማንም አይሻገር። ከብትና ሰው በአንዲት ጀልባ አይጫኑ፤ የደነገጠ በሬ የሚያደርገውን ገበሬ ያውቃል። የሶላት ወቅት ቢደርስ ከመሳፈር በፊት ወይም ከወረዱ በኋላ መስገድ ይሻላል፤ በመርከብ ላይ ቆሞ መስገድ የታዘዘው መስጠም ካልተፈራ ነውና በትንሽ ጀልባ ላይ መቆም አይገባም።

መንግሥትን በተመለከተ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። የሐይቁ ዳርቻ ዛሬ በአራት ክልሎች የተከፋፈለ ነው። ሐዲያና የም በማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ዳውሮ በደቡብ ምዕራብ፣ ጅማ በኦሮሚያ ናቸው። ጀልባ ከአንዱ ክልል ተነስታ በሌላው ትወርዳለች። በአገር ውስጥ ውሃ የሚሄዱ ጀልባዎችን የመመዝገብና ደህንነታቸውን የመቆጣጠር ሥልጣን የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ እያንዳንዱን መሳፈሪያ ማየት አይቻልም። በዳውሮ በኩል የሐላላ ኬላ ሎጅ ተሠርቶ ሐይቁ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል፤ ይህ የሚያስደስት ነው። ለጎብኚ የሚታሰበው ደህንነት ፍየሏን ይዛ ለምትሻገር እናትም ይታሰብ ዘንድ ወረዳዎቹ በጋራ ቢነጋገሩ መልካም ነው። እስከዚያው የመስጊድ ኮሚቴዎች ሶደቃ አሰባስበው ለአንድ መሳፈሪያ አሥር ላይፍ ጃኬት ቢገዙ ማንም አይከለክላቸውም።

በመጨረሻ ስለ አንድ ደብተር እንናገር። ሰጥሞ የሞተ ሙስሊም ከሸሂዶች እንደሚቆጠር በሐዲስ ተነግሯል፤ ሬሳው ሲገኝ ግን እንደማንኛውም ሟች ይታጠባል፣ ይሰገድበታል። የሚከብደው ሬሳ ያልተገኘ እንደሆነ ነው። ጥልቅና ዛፍ የበዛበት ውሃ የወሰደውን ላይመልስ ይችላል። ያን ጊዜ ባልየው በፊቅህ «መፍቁድ» ይባላል፤ ደብዛው የጠፋ ማለት ነው። ሚስት የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን የምትጀምረው፣ ውርስም የሚከፈለው ሞቱ ሲረጋገጥ ወይም ቃዲ ሲፈርድ ነው። ቃዲው ደግሞ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ሰውየው በእርግጥ በዚያች ጀልባ ላይ ነበር? ማን አየው? ምስክር የሚሆኑት አብረውት የተሳፈሩት ናቸው፤ እነርሱም አብረው ሰጥመው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየመሳፈሪያው አንድ የተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይኑር። ከመነሳት በፊት የእያንዳንዱ ተሳፋሪ ስም ከነአባቱና ከነቀበሌው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ፤ ደብተሩም ከጀልባው ጋር ሳይሄድ ዳር ላይ ከሚቀር ሰው ዘንድ ይቀመጥ።