አእምሮና እንቅስቃሴ በአንድ ሰው ላይ ሲታመሙ

የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሕመምተኛ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ወይም ፓርኪንሰን ያለባቸው አዛውንት በቤታቸው የሌሉ ሰዎችን ማየት ሲጀምሩ፣ መድኃኒት ማዘዝ ከባድ ይሆናል። አንዱን ሕመም የሚያስታግሰው ሌላውን ያብሳልና። የሳይኮሲስ (የሌለን ነገር የመስማትና የማየት ሕመም) መድኃኒቶች በአብዛኛው ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ ይገታሉ፤ የፓርኪንሰን መድኃኒቶች ደግሞ ያንኑ ዶፓሚን ይጨምራሉ ወይም ይተካሉ።

ይህ ዝምድና የተገለጠው በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ በሚገኘው ሴንት አን ሆስፒታል ዣን ደሌ እና ፒየር ደኒከር ክሎርፕሮማዚን የአእምሮ ሕሙማንን እንደሚያረጋጋ አዩ። ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ፊታቸው ስሜት አልባ እንደሚሆን፣ እርምጃቸውም እንደሚያጥር ተስተዋለ። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በሬዘርፒን ፈዘው የቀሩ ጥንቸሎችን ወደ ዶፓሚን በሚቀየረው ሌቮዶፓ መልሶ አነቃቸው። በ1960 ደግሞ ቪየና ላይ ኦሌህ ሆርኒኪየቪች እና ባልደረባው በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚን እጅግ አንሶ አገኙት።

በኋላ የመጡ የአንጎል ምስል ጥናቶች ችግሩ ምን ያህል ጠባብ መንገድ እንደሚተው አሳዩ። እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት ለሳይኮሲስ እንዲሠራ ከዶፓሚን ተቀባዮች 65 በመቶ ገደማውን መያዝ አለበት፤ 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን የእንቅስቃሴ ችግር ይመጣል። በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ትንሽ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ የቀደመው የትኛው ነው የሚለው ይመስለኛል።

ሳይኮሲሱ ቀድሞ ከሆነ ተጠርጣሪው መድኃኒቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት አንገት ይጣመማል፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ ምላስ አልታዘዝ ይላል። ይህ ዲስቶኒያ ይባላል፤ ቤተሰብን እጅግ ያስደነግጣል፣ ነገር ግን በተገቢው መርፌ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ አካቲዥያ የሚሉት ነው። ሕመምተኛው መቀመጥ ያቅተዋል፤ ይነሳል፣ ይንቆራጠጣል፣ እግሩን ያፈራርቃል፣ ውስጡ ዕረፍት ያጣል። ከውጭ ለሚያየው ሕመሙ የተነሳበት ይመስላል። መጠኑ ይጨመርለታል፤ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ መቁነጥነጡ ይብሳል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ እስከማምጣት የሚደርስ ስቃይ ነውና፣ «ቁጭ ማለት ያቃተህ ውስጥህ ስለማያስቀምጥህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። መፍትሔው መጠን መቀነስ፣ መድኃኒት መቀየር ወይም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ አጋዥ መስጠት ነው።

መንቀጥቀጥና መገተር ከቀናት እስከ ወራት ባለው ጊዜ ይከተላል። በመድኃኒት የመጣው ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጎን ይታያል፤ እውነተኛው ፓርኪንሰን ግን ባብዛኛው በአንድ ጎን ይጀምራል። መድኃኒቱ ተቀይሮም ከወራት በኋላ ካልለቀቀ፣ ተደብቆ የነበረ ፓርኪንሰን ይሆን ብሎ መመርመር ያስፈልጋል።

ዘግይቶ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ ነው፦ ያለ ፈቃድ ማላመጥ፣ ከንፈር መምጠጥ፣ ምላስ ማውጣትና ማስገባት። አንዳንዴ መድኃኒቱ ከተቋረጠም በኋላ አይለቅም። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ከሃሎፔሪዶል ወይም ከፍሉፌናዚን መርፌ ጋር አብሮ የሚታዘዘው አርቴን ለዲስቶኒያና ለመንቀጥቀጥ ቢረዳም፣ ይህን ዘግይቶ የሚመጣውን ሊያብሰው ይችላል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሕመም የተፈቀዱት ቫልቤናዚንና ዱቴትራቤናዚን ውድ ናቸው። ርካሹ መሣሪያ መመልከት ነው። ኤይምስ የሚባለው የምርመራ ቅጽ አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ሕመምተኛው ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያሳያል፣ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ያነካካል፣ ተነስቶ ይራመዳል። ማንኛውም የጤና ጣቢያ ነርስ ሊማረው የሚችል ሥራ ነው፤ መርፌ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ቢለመድ እመኛለሁ።

ፓርኪንሰኑ ቀድሞ ሳይኮሲሱ ከተከተለ ግን መጨመር ሳይሆን መቀነስ ይቀድማል። በመጀመሪያ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ድርቀትና ሌላ ድንገተኛ ሕመም ይፈለጋል። ቀጥሎ መድኃኒቶች በተራ ይነሳሉ፦ አርቴንና መሰሎቹ አስቀድመው፣ ከዚያ አማንታዲን፣ ከዚያ እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉት፤ ሌቮዶፓ መጨረሻ ላይ፣ እሱም በጥንቃቄ። ይህ ሁሉ ካልበቃ የሳይኮሲስ መድኃኒት ይገባል፤ ሃሎፔሪዶል ግን አይሆንም፣ ሰውየውን አልጋ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም እንዲሁ ዶፓሚንን የሚገታ ስለሆነ አደገኛ ነው።

ጥሩ ማስረጃ ያለው ክሎዛፒን ነው። ለስኪዞፍሬንያ በመቶዎች ሚሊግራም የሚታዘዘው ይህ መድኃኒት፣ በ1999 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ6.25 እስከ 50 ሚሊግራም ብቻ ተሰጥቶ ቅዠቱን ቀነሰ፤ እንቅስቃሴንም አላባሰም። ችግሩ ነጭ የደም ሕዋስን በአደገኛ ሁኔታ ሊቀንስ መቻሉ ነው፤ በ1975 በፊንላንድ ሕሙማን ሞተውበታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም በየሳምንቱ መታየት አለበት፤ ላቦራቶሪ በሌለበት ወረዳ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ኩዊታፒን የደም ክትትል ስለማይጠይቅ በብዙ ቦታ ይመረጣል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። በ2016 አሜሪካ ያጸደቀችው ፒማቫንሰሪን ዶፓሚንን ሳይነካ በሴሮቶኒን በኩል ይሠራል።

ሁለቱም ከአንድ ሥር የሚበቅሉበት ጊዜም አለ። በሌዊ ቦዲ የመርሳት ሕመም ከተያዙ ሰዎች ብዙዎቹ በሳይኮሲስ መድኃኒት ክፉኛ ይጎዳሉ፤ በትንሽ መጠን እንኳ ሊገተሩና ንቃት ሊያጡ ይችላሉ። የሀንቲንግተን ሕመም በዘር የሚወረስ ስለሆነ የቤተሰብ ታሪክ መጠየቅ ግድ ይላል።

ከእነዚህ ሁሉ ቸል እንዳይባል የምለው ሐኪሙ ኪኒየር ዊልሰን በ1912 የገለጸውን፣ በስሙም የሚጠራውን ሕመም ነው። መዳብ በጉበትና በአንጎል ይከማቻል፤ ወጣቱ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ በአንዳንዱም ላይ መጀመሪያ የሚታየው የባሕርይ ለውጥ ወይም ሳይኮሲስ ነው። ስኪዞፍሬንያ ተብሎ ዓመታት ሊያልፉ፣ ጉበቱና አንጎሉም በዚያው ልክ ሊጎዱ ይችላሉ። በ1956 በጆን ዎልሽ ከተጀመረው ፔኒሲላሚን ወዲህ ግን መዳብን ከሰውነት ማስወጣት ይቻላል፤ ዚንክም ከምግብ የሚገባውን ይከለክላል። እንግዲህ ሳይኮሲስ ያለበት ወጣት መድኃኒት ሳይጀምር እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ በዓይኑ ጥቁር ክፍል ዙሪያ ቡናማ ቀለበት መኖሩ ይታይ፤ የደሙ ሴሩሎፕላዝሚን፣ የሽንቱም መዳብ ይለካ።