ንጹሕ የድንች ዘር፦ ከጠርሙስ እስከ ማሳ

የጀልዱ፣ የደንዲ፣ የወልመራና የአምቦ አካባቢ ገበሬዎች ሆይ፤

የምትተክሉት ዘር ራሱ ድንቹ ስለ ሆነ፣ የእናቲቱ በሽታ ለልጂቱ ይተላለፋል። ቫይረስ የያዘው ዘር ምርቱ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል፤ አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ደግሞ ማሳውን በሞላ ሊያጠፋ ይችላል። በደጋ አገር አጠውልግ የያዘው ድንች ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል፣ ከገበያ የተገዛን ድንች በዓይን አይቶ ብቻ ዘር ማድረግ አደገኛ ነው።

ለዚህ መላ ተገኝቶለታል። ሞረልና ማርቲን የተባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1952 ከታመመ የዳሊያ አበባ ቀንበጥ ጫፍ ቫይረስ የሌለበት ተክል አወጡ፤ ጥቂት ዓመት ቆይተውም ይህንኑ በድንች ሠሩት። ምክንያቱም ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንሰው የቀንበጡ ለጋ ጫፍ ብዙ ጊዜ ቫይረስ አይደርስበትም። በሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ድንች በዚሁ ዘዴ፣ ማለት በቲሹ ካልቸር፣ ይባዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለጋው ጫፍ ተቆርጦ፣ ስኳር፣ ማዕድንና ቫይታሚን በያዘ፣ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ ይተከላል። ችግኙ ሲያድግ በየአንጓው ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱም አንጓ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ሌላ ችግኝ ይሆናል። ተመርምሮ ከበሽታ ነጻ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ነፍሳት በማያስገባ የመረብ ቤት ተተክሎ ጥቃቅን ድንች ይሰጣል። እርሱም በማሳ ከተባዛ በኋላ ለገበሬው ይደርሳል።

ነገር ግን ላቦራቶሪው ዘሩን ያጠራል እንጂ መሬቱን አያጠራም። ስለዚህ፦

1ኛ/ ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ በነበረበት ማሳ ቢያንስ ለ3 ዓመት ገብስ ወይም ስንዴ ዝሩ። በመካከሉ ራሱ የበቀለውን ድንች ሁሉ ንቀሉ።

2ኛ/ የጠወለገ ተክል ስታዩ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወተት የመሰለ ክር ከወረደ አጠውልግ ነው። ተክሉን ከነድንቹና ከዙሪያው አፈር ጋር አውጥታችሁ ከማሳው ርቆ ቅበሩ፤ ከዚያ ማሳ ለዘር የሚሆን አታስቀሩ።

3ኛ/ የዘሩን ድንች በጨለማ ጉድጓድ አታኑሩ። አየርና ብርሃን በሚያገኝ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይመታው መደርደሪያ ላይ በስሱ ዘርጉት፤ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል።

የልማት ሠራተኞችም የብርጭቆውን ፈተና ድንቹ ሳይቆፈር ከገበሬው ጋር በማሳው ላይ ብትሠሩ፣ የታመመ ዘር ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ ወደ መንደሩ ሁሉ እንዳይዛመት ታደርጋላችሁ።