«ክሽፈት» እና «ደካማ ምት»

ጥይት ሳይተኮስ ሲቀር በአማርኛ «ከሸፈ» ይባላል። ቃሉ ከጦር መሣሪያ አልፎ ለሴራና ለሙከራም ስለሚነገር በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ሆኖም የሚገልጸው ውጤቱን እንጂ መንሥኤውን አይደለም። ጥፋቱ የጥይቱ ይሁን የሽጉጡ ካልተለየ ደግሞ ደኅናው ክፍል ተነቅሎ የተበላሸው በቦታው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከክሽፈት ዓይነቶች አንዱ «ደካማ ምት» ተብሎ ተለይቶ እንዲጠራ ሐሳብ እናቀርባለን።

ለምሳሌ የምንወስደው ማካሮቭ የተባለውን አነስተኛ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ነው። ይህ መሣሪያ እ.አ.አ. በ1951 ለሶቭየት ኅብረት ጦር የተመረጠ ሲሆን ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ምላጩ ሲሳብ መዶሻው ወድቆ መቺውን መርፌ ይገፋል፤ መርፌውም በቀለሁ ቂጥ መካከል ያለውን ለኳሽ ይመታል። ለኳሹ በምት የሚነድ ቅመም የያዘ ትንሽ የብረት ጽዋ ነው። ቅመሙ በጽዋውና እንደ አንጥረኛ መስፍ በሚያገለግለው ጠንካራ ጫፍ መካከል ሲጨፈለቅ ይነዳል፤ እሳቱም ወደ ባሩዱ ይዘልቃል። ምቱ ቅመሙን ለመጨፍለቅ ካልበቃ «ደካማ ምት» እንለዋለን።

መለያው ምልክት የሚገኘው በከሸፈው ጥይት ላይ ነው። ነገር ግን ቅመሙ ዘግይቶ ሊነድ ስለሚችል፣ ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት አፈሙዙን አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ እንደያዙ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መጠበቅ ይገባል። ከዚያ በኋላ በለኳሹ ላይ ያለው ስርጉድ ይመረመራል። ጥልቅና መካከለኛ ከሆነ የሚጠረጠረው ጥይቱ ነው፤ ከመሐል የወጣ ከሆነ የመርፌውና የጥይቱ አለመገጣጠም ነው፤ ጥልቀት ከሌለው ግን ደካማ ምት ነው።

የደካማ ምት ዋና ዋና መንሥኤዎች የሚከተሉት ናቸው፦

1. የረጋ ቅባትና ቆሻሻ። የማካሮቭ መርፌ መመለሻ ሞላ የሌለው፣ በቦዩ ውስጥ በነጻ የሚመላለስ ነው፤ ቅባት ሲረጋበት ፍጥነቱ ይቀንሳል። ቦዩ ጸድቶ በደረቁ ይተዋል እንጂ ዘይት አይጨመርበትም።

2. የሞላ መድከም። በዚህ ሽጉጥ አንድ ጠፍጣፋ ሞላ መዶሻውን ያስመታል፤ በታችኛው ጫፉም ካዝናውን ይይዛል። የደከመ ሞላ ይለወጣል እንጂ በማጣመም አይታደስም።

3. የመርፌው ጫፍ ማለቅ ወይም መሰበር።

4. የተንሸራታቹ በሚገባ አለመዘጋት። በዚህ ጊዜ የመዶሻው ኃይል ከፊሉ ተንሸራታቹን በመግፋት ይባክናል።

በሁለተኛ ምት የሚተኮስ ጥይትም አለ፤ ይህ ብቻውን ሽጉጡን ጥፋተኛ አያደርግም። ለኳሹ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ተሰክቶ ከነበረ፣ የመጀመሪያው ምት ኃይል ለኳሹን ወደ ቦታው በመግፋት ያልቃልና።

ከዚህ በመነሣት «ክሽፈት» የጠቅላላው ችግር ስም ሆኖ እንዲቆይ፣ በሥሩም «ደካማ ምት»፣ «የለኳሽ ጉድለት» እና «ዘግይቶ መተኮስ» ተለይተው እንዲሠራባቸው እንጠቁማለን። መዶሻና መስፍ ከአንጥረኛው ቤት የመጡ ነባር ቃላት ስለሆኑ ለተማሪው እንግዳ አይሆኑም። ስሞቹ ሲለዩ ጠጋኙ የትኛውን ክፍል አስቀድሞ መመርመር እንዳለበት ያውቃል፤ ተኳሹም የከሸፈ ጥይት ሁሉ የሞተ ጥይት አለመሆኑን ይረዳል።