ስለ ጢስና ስለ ጕቶ

በወላይታ አገር፣ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሃላሌ፣ ማልዶ የሚነሣ ሰው ከየቤቱ ክዳን ላይ ጢስ ሲወጣ ያያል። ጢሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይጠፋል፤ ያየውም ሰው ነገሩ በዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዓይን የራቀ ሁሉ ከዓለም ጠፋ ማለት አይደለም። እንጨት በነደደ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል፣ የማይታይና የማይሸት አየር ይወጣል፤ ይህም በሰማይ ውስጥ ለብዙ ዘመን ይቈያል።

የዚህ አየር ጠባይ እንደ ጋቢ ነው። ጋቢ በራሱ እሳት የለውም፤ የለበሰውን ሰው ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚከለክል ግን ያሞቃል። እንዲሁም ፀሐይ ያሞቀቻት ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ስትመልስ፣ ይህ አየር ከፊሉን ይዞ ያስቀረዋል። ጋቢው ባይኖር ምድር በብርድ በደረቀች ነበር፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ሲደረብ ደግሞ ትታመማለች። ስቫንቴ አሬንየስ የተባለ የስዊድን ሊቅ ይህ አየር ቢበዛ ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ እ.ኤ.አ. በ1896 አስልቶ ጻፈ። ፋብሪካ በዓለም ሳይበዛ ከ1 ሚሊዮን የአየር እጅ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበረ፤ ዛሬ ግን ከ420 አልፏል።

ይህን ማን አመጣው ቢባል፣ የሃላሌ ምድጃ ብቻውን አላመጣውም። የሚበዛው ጥፋት በባለጸጎች አገር ለፋብሪካ፣ ለመኪናና ለመብራት ከተቃጠለው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ የመጣ ነው። ከዚያም ቀጥሎ በዓለም ሁሉ ደን መመንጠሩ፣ ከከብት ሆድም ሚቴን የሚባል አየር መውጣቱ አለ። ዕዳው በብዛት የባለጸጋ ሲሆን፣ ቅጣቱ አስቀድሞ የሚደርሰው የበልግን ዝናም በሚጠብቀው ገበሬ ላይ ነው።

ዝናሙ ሲቀር ብቻ ሳይሆን ሲበዛም ያስፈራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት አገር በጎፋ፣ ብርቱ ዝናም የጠጣ ተራራ ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ በኪንዶ ዲዳዬም መሬት ተንዶ የሰው ሕይወት አጠፋ። የናዳው ምክንያት የዓለም ሙቀት ብቻ ነው ማለት አይገባም፤ የቍልቍለቱ ብርታትና የአፈሩ ጠባይም አለበት። ነገር ግን የሞቀ አየር ከቀዘቀዘው ይልቅ ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ በለቀቀውም ጊዜ በብርቱ ያወርደዋል። የዛፍ ሥር ያልያዘው ተዳፋትም ያን መሸከም ይከብደዋል።

እንግዲህ አንድ ሰው፣ «ጥፋቱ የሌላ ከሆነ ደኻው ስለ ምን ይደክማል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ በዚያው በወላይታ፣ በሁምቦ ወረዳ ይገኛል።

የሁምቦ ተራሮች ደናቸው ለማገዶ፣ ለከሰልና ለእርሻ ተቈርጦ፣ ከብትም ያገኘውን እየጋጠ ተራቍተው ነበር። ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን የተባለው የርዳታ ድርጅት ከአገሩ ሰዎች ጋር ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ ብዙዎች ተራራው ከእጃችን ይወሰዳል ብለው ፈሩ፤ ከሰል አክስሎ ለሚያድር ሰውና የግጦሽ ቦታ ለሚሻ ሰው ተራራውን መተው ቀላል ነገር አይደለምና። በኋላ ግን ገበሬዎቹ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው የደኑን መብትና ጥበቃ ራሳቸው ያዙ።

የሥራቸውም ጥበብ ይህ ነበር። ተራራው የሞተ ቢመስልም በምድር ውስጥ የጕቶዎቹ ሥር ገና ሕያው ነበረ። ከጕቶው ከሚያቈጠቍጠው ብርቱውን መርጠው ተዉ፤ ደካማውን ቈረጡ። ከብት እንዳይገባ ከለከሉ፤ ሣሩን ግን እያጨዱ ለከብቶቻቸው ወሰዱ። ሥር ባልተገኘበትም ቦታ ችግኝ ተከሉ። እንዲህ ሆኖ 2,728 ሔክታር ምድር ዳግመኛ ለመለመ።

ዛፍ ሲያድግ ያን የማይታይ አየር ይስባል፤ ካርቦኑንም በግንዱና በሥሩ ያኖረዋል። ይህ ደን በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል እንደሚይዝ ተገምቶ፣ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ገባ። ከደኑም ጥቅም የዓለም ባንክ እየገዛ ለማኅበሮቹ ገንዘብ ከፈለ፤ እነርሱም በገንዘቡ የእህል ጐተራና ወፍጮ ሠሩ። ባለዕዳው ከፊሉን ዕዳ ለደከመው ሲከፍል ይህ አንድ ምሳሌ ነው።

በየቤቱም የሚሠራ አለ። ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ በጥቂት እንጨት ብዙ ያበስላል፤ የእናትንም ዓይንና ሳንባ ከጢስ ያድናል። እርከንና እንሰት አፈሩን በቦታው ያቈያሉ። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል ሊሰጥ ይችላል፤ የወንዙ መገደብ በታችኛው ሸለቆ ለሚኖሩት የራሱ ጕዳት ቢኖረውም፣ መብራቱ የሚገኘው ከሰል ሳይነድ ነው። ባለጸጎቹ አገሮች ግን ከሁሉ አብልጠው ከሰሉንና ነዳጁን መተው ይገባቸዋል፤ በሁምቦ የበቀለ ደን የእነርሱን ጢስ ሁሉ ሊውጥ አይችልምና።

ተራራው የተራቈተው በአንድ ቀን አይደለም፤ በአንድ ሸክም እንጨት፣ ዳግመኛም በሌላ ሸክም ነው። የተመለሰውም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጕቶ፣ ዳግመኛም ሌላ ጕቶ እየተጠበቀ። ጥፋቱን ያመጣው ቢዘገይም ይጠየቃል፤ የገዛ ተዳፋቱን የሚጠብቅ ሰው ግን የሌላውን ፍርድ እስኪያይ አይቀመጥም። የሚቀጥለው ክረምት አይጠብቀውምና።