ከድብ ጋር ፊት ለፊት፦ ዛፍ መውጣት ወይስ የሞተ መምሰል?

ሁለት ጓደኛሞች በመንገዳቸው ላይ ድብ ያጋጥማቸዋል። አንዱ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ትንፋሹን ውጦ መሬት ላይ ይዘረራል። ድቡም አሽትቶት ይሄዳል። ይህ የኤዞፕ ተረት ስለ ወዳጅነት የሚያስተምረው መልካም ነው። ስለ ድብ የሚያስተምረው ግን ሰው ሊያስጎዳ ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዱር ድብ የለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ግን ጥቁር ድብ ማየት ብርቅ አይደለም።

ጥቁር ድብ ዛፍ መውጣት ያውቅበታል፤ ግልገሎቹም ሲደነግጡ የሚሸሹት ወደ ዛፍ ነው። ሮጦ ማምለጥም አይቻልም፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ቁልቁለት ይከብደዋል የሚባለውም ሐሰት ነው።

የሞተ መምሰልስ? መልሱ እንደ ድቡ ዓይነት ይለያያል። በአላስካና በየሎውስቶን አካባቢ የሚኖረው ግሪዝሊ የሚባለው ቡናማ ድብ ድንገት ተደናግጦ ወይም ለግልገሎቹ ሰግቶ ሰው ላይ ከወጣ፣ በሆድ ተኝቶ ማጅራትን በእጅ ሸፍኖ አለመንቀሳቀስ ይመከራል። ስጋቱ ያለፈ ሲመስለው ትቶ ሊሄድ ይችላልና። ጥቁር ድብ ካጠቃ ግን ተዘርሮ መጠበቅ አይገባም፤ በድንጋይም በዱላም ፊቱንና አፍንጫውን እየመቱ መከላከል ነው የሚበጀው። ቀለም ብቻውን ግን አይለያቸውም፤ ቡናማ ጸጉር ያላቸው “ጥቁር” ድቦች አሉ። ትከሻው ላይ ጉብታ ያለው ግሪዝሊው ነው፤ እርሱ ደግሞ በምሥራቅ አሜሪካ ጫካዎች አይገኝም።

ደግነቱ አብዛኛው ግንኙነት እዚህ አይደርስም። ድብ በኋላ እግሮቹ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ለማየትና ለማሽተት እንጂ ለጥቃት አይደለም። ጀርባ ሳይሰጡ፣ ረጋ ባለ ድምፅ እየተናገሩ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይበቃል። በሚፈቀድባቸው ፓርኮች የሚያዘው የበርበሬ ርጭትም የሚረጨው ወደሚመጣው ድብ ነው። እንደ ትንኝ መከላከያ ልብሳቸውና ድንኳናቸው ላይ የሚረጩት ሰዎች ምንም አያተርፉም፤ እንዲያውም ሽታው ድብ ሊስብ ይችላል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው ድቡ ከመታየቱ በፊት፣ ማዕዱ ላይ ነው። የጥብስ ሽታ ሩቅ ይሄዳል። የሰው ምግብ የለመደ ድብ ደጋግሞ ይመለሳል፤ ፍርሃቱንም ይረሳል፤ ያኔ የፓርኩ ጠባቂዎች ሊገድሉት ይገደዳሉ። ስለዚህ ትርፍራፊው ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና እንኳ ሳይቀር፣ ከድንኳን ወጥቶ በተቆለፈ መኪና ወይም ለዚሁ በተሠራ የብረት ሣጥን ውስጥ ማደር አለበት።