የሳህሏ ግዙፍ ኤሊ በቀዝቃዛ አገር ምን ዓይነት ቤት ያስፈልጋታል?

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ባለው የሳህል ደረቅ ምድር የምትገኘው ግዙፍ ኤሊ፣ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለማዳ እንስሳ ሆና ትሸጣለች። ስትገዛ መዳፍ አትሞላም፤ አድጋ ግን ከ45 ኪሎ ግራም በላይ ልትመዝንና ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። የማሞቂያው ወጪም አብሯት ይዘልቃል፤ ብዙ ገዢዎች የማያሰሉት ይህንን ነው።

እንደ ሜዲትራኒያን ኤሊዎች የብርዱን ወራት በእንቅልፍ አታሳልፍም። ሰውነቷ የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ ከቀዘቀዘች የበላችው አይፈጭላትም፤ ብርዱ ከእርጥበት ጋር ሲሆን ደግሞ ሳንባዋ ይታመማል። ስለዚህ የሚያስፈልጋት ሣጥን ሳይሆን ሌሊቱንም የሚሞቅ ክፍል ነው። አንደኛው ጥግ በመብራት እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ ሌላው ዞር ብላ የምትቀዘቅዝበት ይሆናል።

በመስኮት የሚገባ ፀሐይ አይበቃትም። ቫይታሚን ዲ ለማምረት የሚረዳትን አልትራቫዮሌት ጨረር መስታወቱ ስለሚያስቀረው ልዩ መብራት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ አጥንቷም ድንጋዩዋም ይለሰልሳሉ።